ሥር ልታጥቢ ለሄድሽው ልጄ

ጀርመን አገር የና ከተማ ገብተሽ ለሦስተኛ ዲግሪሽ የሣር ምድር ሥር ልታጠኚ መሆኑን ሰማሁ። «ሥር ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ያሉ ዘመዶች እንዳሉም ሰምቻለሁ፤ ተያቸው። በሣር ምድር ብዙውን ጊዜ ከአፈር በታች ያለው የዕፅዋት ክብደት ከላይ ከሚታየው ይበልጣል። እኔም ዕድሜዬን በዚሁ ያሳለፍኩ ነኝና ጥቂት ልበልሽ።

1. ቦታውን እወቂ። የምትሠሪበት የየና የሣር ምድር ሙከራ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቀድሞ ሲታረስ በነበረ የዛሌ ወንዝ ዳር መሬት ላይ ነው። 60 ዝርያ ተመርጦ አንዱ መደብ ላይ 1፣ ሌላው ላይ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ 60ውም ተዘራ። ማዳበሪያ አይገባውም፤ በዓመት ሁለቴ ይታጨዳል፤ ያልተዘራው እየታረመ ይወጣል። አፈሩ ግን ዳር እስከ ዳር አንድ አይደለም፤ ወደ ወንዙ ሲጠጉ አሸዋው ይበዛል። በ2013 እ.ኤ.አ. ዛሌ ሞልቶ ማሳውን አጥለቅልቆታል። የቆየ መረጃ ስትከፍቺ ዓመቱን ሳታጣሪ አትለፊ።

2. ዶክትሬትሽ የሚሠራው ከኮምፒውተሩ ይልቅ ቧንቧው ዘንድ ነው። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ከመደቡ የወጣውን ሥር ያለበት አፈር ዘፍዝፊና በግማሽ ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ በቀስታ እጠቢ። ውኃውን ካጠነከርሽበት ቀድሞ የሚሄደው እንደ ፀጉር የቀጠነው ሥር ነው፤ ከአፈሩ ጋር ይወርድና ወፍራሙ ብቻ ይቀርልሻል። ከዚያ በኋላ የምታወጪው አማካይ ሁሉ ያዘነበለ ነው፤ ምንም ዓይነት ስታቲስቲክስ አያቃናውም። ሕያው ሥር ነጣ ይላል፣ ሲስቡት ይለጠጣል፤ የሞተው ይጠቁራል፣ ይሰበራል። ችግሩ በመካከል ያለው ነው፤ አንዱ ሕያው ነው ሲል ሌላው የለም ይላል። ስለዚህ ከረዳቶችሽ ጋር አንድ ናሙና አብራችሁ ለዩ፣ ፍርዳችሁን አስማሙ፣ የትኛውን ማን እንዳጠበውም ይጻፍ። የማገጥ ሥር ካጋጠመሽ ከእብጠቶቹ አንዷን በምላጭ ክፈቻት፤ ውስጧ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ነው። ለጥናትሽ ባያስፈልግም እይው።

የማጠቢያ ገንዳውንም ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ወገብሽ እንዳይጎዳ።

3. መጀመሪያ ስካን፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ በመጨረሻ መመዘን። ሥር ሲደርቅ ይኮማተራልና ውፍረቱን ከምድጃ በኋላ ልለካ ማለት ከንቱ ነው።

4. ርዝመቱን በደረቅ ክብደቱ ስታካፍዪው አንድ ግራም ሥር ስንት ሜትር እንደሚዘረጋ ታገኛለሽ። ይህን ቁጥር ሁሉም ይወደዋል፤ ብዙ ከሆነ ተክሉ ጎበዝ፣ ጥቂት ከሆነ ደካማ የሚመስለውም ብዙ ነው። አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የሥር መረጃ ያነጻጸረ ጥናት ነገሩን ገልጦታል። ቀጭን ሥር ያለው ተክል ምግቡን ራሱ እየዞረ ይፈልጋል፤ ወፍራም ሥር ያለው ግን ለፈንገስ ስኳር እየከፈለ እንዲፈልግለት ያደርጋል፤ ሠራተኛ ቀጥሮ እንደሚያሳርስ ባለ መሬት ማለት ነው። እንግዲህ የፈንገሱን ድርሻ ሳታዪ በቀጭኑና በወፍራሙ መካከል አትፍረጂ።

5. አንድ የሚያምር ታሪክ ይነግሩሻል፦ አንዱ ዝርያ ከላይ፣ ሌላው ከጥልቁ እየጠጣ ስለሚካፈሉ ቅይጡ የበለጠ ያመርታል የሚል። ሊሆን ይችላል፤ መረጃው ግን ሁልጊዜ አይደግፈውም። በቅይጥ መደብ ውስጥ ሥሩ የማን እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ዲኤንኤ ካልመረመርሽ ስለ መካፈል አትናገሪ። ብቻውን የተዘራ ዝርያ በዓመታት ውስጥ አፈሩ ላይ የራሱን በሽታ እንደሚያከማችም አትርሺ። ያን ጊዜ ቅይጡ በለጠ ያልሽው ብቸኛው ስለታመመ ሊሆን ይችላል። እዚያው መደብ ላይ ፈንገስና ትላትል የሚያጠኑትን ሄደሽ ጠይቂ። አማካሪሽ እስኪያስተዋውቅሽ አትጠብቂ።

6. ያገኘሽውን ሁሉ ወደ አገር ቤት አትቅጂ። የየናው ሣር ይታጨዳል፤ የእኛው በብዛት ይጋጣል፤ ከብት ደግሞ የጣመውን መርጦ ነው የሚበላው። የመንዝ ጓሳ ፌስቱካ ከሚባለው የሣር ወገን ነው፤ አባቶች ቀሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር። የአጨዳና የግጦሽ ሥር ይለያይ እንደሆነ አንቺ ሠርተሽ ብታሳዪኝ ደስ ይለኛል። ስትመጪ ታዲያ ያን ወንፊት ይዘሽ ነይ፤ የእኔው ተቀዷል።