የጣልነው ቆሻሻ የት ይሄዳል?

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን ቀላል ስለሚመስል አንድ ጥያቄ እንማማራለን። በእረፍት ሰዓት ብስኩት በልተን ላስቲኩን መሬት ላይ ስንጥለው የት ይሄዳል? ብዙዎቻችን "ንፋስ ይወስደዋላ!" እንላለን። እሺ፣ ንፋሱስ የት ያደርሰዋል? እስቲ አብረን እንከተለው።

1. የምንኖርበትን ቦታ እንወቅ

ከተማችን ለገጣፎ ለገዳዲ ትባላለች። "ለገ" የሚለው ቃል "ለጋ" ከሚለው የአፋን ኦሮሞ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ወንዝ ነው። ስለዚህ የከተማችንን ሙሉ ስም ስንጠራ ሁለት ጊዜ "ወንዝ" እያልን ነው ማለት ነው።

በ1960ዎቹ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ እዚሁ አጠገባችን ነው። ከዚህ ግድብ የሚወጣው ውኃ ተጣርቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የዋና ከተማችን ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ከእኛ ሰፈር በሚሄድ ውኃ ሲጠጣና ሲያበስል ኖሯል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው! ግን የውኃ መነሻ ላይ የሚኖር ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። እሱ ያደረገው ነገር ከታች ላሉት ሰዎች ይደርሳል።

2. ውኃው ወዴት ይፈሳል?

ክረምት ሲገባ ዝናቡ መንገድ ላይ ያለውን ፌስታልና ሃይላንድ ጠራርጎ ወደ ዲች ያስገባዋል። ዲቹ ከተደፈነ ጎርፉ ወደ መንገድና ወደ ሰው ቤት ይገባል። ካልተደፈነ ደግሞ ቆሻሻው ወደ ወንዝ ይወርዳል። የአካባቢያችን ወንዞች ወደ ትልቁ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈሳል። አዋሽ በቆቃ ግድብ አልፎ የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣና ወደ አፋር ይወርዳል። በመጨረሻም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።

በአቃቂ ወንዝ ዳር ያሉ ገበሬዎች ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡት በዚሁ ውኃ ነው። አትክልቱ ደግሞ ተመልሶ ወደ ገበያ ይመጣል። ያ ማለት ወንዙን ስናቆሽሽ የራሳችንንም ማዕድ እያቆሸሽን ነው።

3. ጋሪ የወሰደውስ?

"እኛ ቤት ቆሻሻ የሚወስዱት ማኅበራት ናቸው፣ ስለዚህ አይመለከተንም" የሚል ሊኖር ይችላል። ጥሩ ነው፣ መንገድ ላይ ከመጣል በጣም ይሻላል። ነገር ግን ጋሪ የወሰደውም ቢሆን አንድ ቦታ ያርፋል።

ከእኛ ከተማ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ሰንዳፋ አለች። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ መወሰድ ጀምሮ ነበር። በአካባቢው ያሉ አርሶ አደሮች ውኃችንና ከብቶቻችን ተጎዱብን ብለው ስለተቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመ። ቆሻሻውም ተመልሶ "ቆሼ" ወደሚባለው ወደ ድሮው ቦታ ሄደ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተናደ። በአጠገቡ የሚኖሩ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ መካከል እንደ እኛ ያሉ ሕፃናት ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ያንን ተራራ አንድ ሰው አልሠራውም። ለብዙ ዓመታት ከየቤቱ በትንሽ በትንሹ ሲወጣ የኖረ ነው። ስለዚህ "ጣልኩት" ስንል ነገሩ ከዓይናችን ራቀ እንጂ አልጠፋም። አንድ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ አለ።

4. ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ይገልጻል። ልብ በሉ፣ ግዴታው የመንግሥት ብቻ አይደለም። በተጨማሪም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

5. እኛ ምን እናድርግ?

አንድ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን አንድ ላስቲክ ቢጥል፣ በ5 ቀን 250 ላስቲክ ይሆናል። 20 ክፍል ካለ በሳምንት 5,000 ነው! እንግዲህ ይህ ቁጥር እንዲቀንስ፦

ሀ. የብስኩቱን ላስቲክ ቅርጫት እስክናገኝ ኪሳችን ውስጥ እናቆየው።
ለ. ሱቅ ስንላክ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ ይዘን እንሂድ።
ሐ. ሃይላንዱን ለብቻው እናጠራቅምና ለቁራሌው እንስጥ። እሱ ሸጦ ይጠቀማል፣ ዕቃውም እንደገና ይሠራበታል።
መ. የምግብ ትርፍራፊና ቅጠል በጉድጓድ ቀብረን ለአትክልት ማዳበሪያ እናድርገው።
ሠ. ላስቲክ አናቃጥል፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።
ረ. የክፍል ጽዳት ተራ ሲደርሰን አንጥፋ። ግቢያችንን ለሚጠርጉት እናቶችም "እናመሰግናለን" እንበላቸው።

ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማችንን ሰቅለን መዝሙር እንዘምራለን። አገር መውደድ እዚያ ይጀምራል፣ እረፍት ሰዓት ላይ ደግሞ ይታያል። "እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ምን ለውጥ አመጣለሁ?" ለሚልም አባቶቻችን ቀድመው መልሰውለታል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ

1. "ለጋ" ማለት ምን ማለት ነው?
2. ከአካባቢያችን ወንዝ የገባ ፌስታል እስከ አዋሽ ድረስ በየት በየት ያልፋል?
3. አንቀጽ 44 እና አንቀጽ 92 የሚለያዩት በምንድን ነው?
4. ዛሬ ስንት ላስቲክ ጣላችሁ? የት?

የአራተኛውን መልስ ለማንም መናገር አያስፈልግም፣ ነገ ቁጥሩን መቀነስ ነው። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!