የደም ናሙና ጥራትና የሄሞግሎቢን ውጤት፦ ከመርሳ እስከ ወልዲያ

የሄሞግሎቢን ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን በቅድሚያ የሚወቀሰው ማሽኑ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ደሙ ማሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ክንድ ሲታሰር፣ ጣት ሲወጋና ቱቦው ሲያዝ።

በሰሜን ወሎ ጉዳዩን የሚያከብደው የቦታ ከፍታ ነው። የሀብሩ ከተማ መርሳ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ወልዲያ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ስለሚጨምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ1500 እስከ 1999 ሜትር ለሚኖሩ 1.1፣ ከ2000 እስከ 2499 ሜትር ለሚኖሩ 1.4 ግራም በዴሲሊትር ከውጤቱ እንዲቀነስ ያመለክታል። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት ያለች እናት ከ11 በታች ከሆነች ደም ማነስ አለባት ይባላል። ለምሳሌ 12.2 የተመዘገበላት ነፍሰ ጡር የመርሳ ነዋሪ ብትሆን 11.1 ሆኖ ታልፋለች፤ የወልዲያ ብትሆን 10.8 ሆኖ ሕክምና ይታዘዝላታል። ልዩነቱ 0.3 ብቻ ነው። ይህን ያህሉን የክንድ ማሰሪያ ከአንድ ደቂቃ በላይ መቆየቱ ብቻ ሊያመጣው ይችላል፤ ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቶ ደሙ ስለሚወፍር ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ የታመመችውም ጤነኛ መስላ ትመለሳለች።

በተቃራኒው ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ደሙን ከሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ጋር ያቀጥነዋል። ግሉኮስ ከሚወርድበት ክንድ የተቀዳ ደምም እንዲሁ ነው። ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በዝግታ ካልተገለበጠ ደሙ ይረጋል፤ የረጋ ናሙና ደግሞ ያለ ክርክር ውድቅ መደረግ አለበት።

የቀይ ሕዋሳት መፈራረስ ግን ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው የተለየ ነው። የተለመደው መለኪያ ራሱ ሕዋሳቱን አፈራርሶ ጠቅላላውን ሄሞግሎቢን ስለሚለካ፣ በቱቦ ውስጥ የፈረሰ ደም ሄሞግሎቢኑን እምብዛም አይለውጠውም፤ የሚዛቡት የቀይ ሕዋስ ቁጥርና ሄማቶክሪት ናቸው። በስብ የደፈረሰ ፕላዝማ ግን ብርሃን ስለሚበትን ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ባለሙያው ሄሞግሎቢኑን በ3 አባዝቶ ከሄማቶክሪቱ ጋር ቢያስተያይ፣ ሰፊ ልዩነት ሲያገኝ ቱቦውን ደግሞ ለመመርመር ምክንያት ይኖረዋል። ሄሞግሎቢንን ብቻ ለማወቅ የተላከን ናሙና ስለ ቀላ ብቻ መጣል፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣችን እናት ያለ በቂ ምክንያት ማመላለስ ነው።

ከመርሳ ወደ ወልዲያ የሚላክ ናሙና በመንገድ አይበላሽም፤ በኢዲቲኤ ውስጥ ሄሞግሎቢን በክፍል ሙቀት ለ24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሆኖም ቆሞ የቆየ ቱቦ ሕዋሳቱ ይዘቅጣሉ፤ ሳይገለባበጥ ከላይ ከተቀዳ የሚለካው በአብዛኛው ፕላዝማ ነው። የከፍታው ቅናሽም የሚሰላው በላቦራቶሪው ቦታ ሳይሆን በታካሚዋ መኖሪያ ስለሆነ፣ ከደሙ መቀጃ ሰዓት ጎን ቀበሌዋ በመጠየቂያ ቅጹ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።