ቤቱን የለወጠ ሰው የጓሮ አትክልቱን እንደ ገና ስለሚጀምርበት መንገድ

ሰው ቤቱን በለወጠ ጊዜ ምሰሶውንና ማገሩን፣ እንስራውንና ምጣዱን፣ ከብቱንም ይዞ ይሄዳል። የጓሮውን አፈር ግን ይዞ ሊሄድ አይችልም። በአዲሱ ስፍራ ጎመኑ ቀጭጮ በታየ ጊዜ ብዙዎች ዘሩን ወይም ዕድላቸውን ይወቅሳሉ፤ ምክንያቱ ግን መሬቱ ገና ጓሮ አለመሆኑ ነው። ጓሮ እንዲሁ የሚገኝ አይደለም፤ በሰው እጅ የሚሠራ ነው እንጂ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአማኑኤልና በዙሪያዋ፣ የቆየ ቤት ጓሮ አፈሩ ጥቁርና ልል ሆኖ ይታያል፤ ከእርሱ ጥቂት ራቅ ያለው እርሻ ግን ቀይ ነው። ሁለቱም አስቀድሞ አንድ አፈር ነበሩ። የለያያቸው በየማለዳው የተደፋው አመድ፣ የበረቱ ጥራጊ፣ ገለባውና የቤቱ ጉድፍ ነው። ደግሞም ብርቱው የክረምት ዝናም ኖራ መሰሉን ማዕድን ከቀዩ አፈር ለብዙ ዘመን አጥቦ ስለ ወሰደው፣ በብዙ ስፍራ መሬቱ ኮምጣጣ ሆኗል። በእንዲህ ያለ መሬት ሥር በደንብ አይሰድም፤ ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች በእርሻቸው ላይ ኖራ ይበትናሉ።

ይህ ነገር በጎጃም በብዙ ቤተ ሰብ ላይ ደርሷል። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ በመንደር ምሥረታ ዘመን ብዙ ገበሬ የአባቱን ቤት አፍርሶ ወደ አዲስ መንደር እንዲሰበሰብ ተደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ ለቤትና ለጓሮ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ እንዲሰጥ መመሪያው ያዝዝ ነበር። ቦታው ተለክቶ ተሰጠ፤ በብዙ ዓመት አመድና እበት የጠቆረው አፈር ግን በፊተኛው ስፍራ ቀረ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ብዙዎች መንደሩን ትተው ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ተመለሱ፤ ጓሮንም ሁለተኛ ጊዜ መጀመር ግድ ሆነባቸው። ጎተራው በሚጎድልበት በሐምሌና በነሐሴ ለልጆች ወጥ የሚሆነው የጓሮ ጎመንና ድንች ነውና ጉዳቱ ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ ቤት የሚለውጥ ሰው ቤቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ጓሮውን ይጀምር። ሥራውም በተራ እንዲህ ነው።

፩ኛ፤ በጥር ወይም በየካቲት ወርዱም ጥልቀቱም ሁለት ክንድ የሆነ ጉድጓድ ይቈፈር። ገለባ፣ ለምለም ቅጠልና እበት በየተራ እየተነጠፈ፣ ውሃም እየተረጨ ይሞላ፤ በላዩም አፈር ይልበስ። በየወሩ ቢገላበጥ እስከ ሰኔ ድረስ በስብሶ ጥቁር አፈር ይመስላል። ያልበሰበሰ እበት ግን ሥርን ስለሚያቃጥል ከተክል ሥር አይደረግ።

፪ኛ፤ አመድ ለብቻው ዝናም በማይነካው ስፍራ ይቀመጥ፤ ዝናም ቢያገኘው ኃይሉ ታጥቦ ይሄዳልና። ከእርጥብ እበትም ጋር አይደባለቅ፤ የእበቱን ኃይል ሽታ አድርጎ ያጠፋዋልና። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ወይም ሁለት እፍኝ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ይህም ለጎመንና ለነጭ ሽንኩርት ይጠቅማል። ለድንች ግን አይጨመር፤ ድንች ኮምጣጣ አፈር ይችላል፤ አመድ ሲበዛበትም ልጡ ቋቁቻ የመሰለ በሽታ ያወጣል።

፫ኛ፤ መደቡ ወርዱ ሁለት ክንድ ሆኖ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱን አግድም ይሠራ። ይኸውም ጐርፍ አፈሩን እንዳይወስድ፣ አራሚውም በግራና በቀኝ ሆኖ መደቡን ሳይረግጥ እንዲያርም ነው። ከባሕር ዛፍም ይራቅ፤ ሥሩ ውሃውን ይሻማልና።

፬ኛ፤ በመጀመሪያው ክረምት ፈጥኖ የሚደርስ ይተከል። የአበሻ ጎመን በሁለት ወር ውስጥ ቅጠሉ ለወጥ ይደርሳል፤ ድንችም በሦስት ወይም በአራት ወር ይወጣል። ጌሾና ኮክ ዓመታት ስለሚፈልጉ በዚያው ክረምት በአጥሩ ዳር ይተከሉ፤ የዘገየባቸው ዓመት አይመለስምና። ጤና አዳም ከአሮጌው ጓሮ በቅርንጫፉ ተቆርጦ ሊመጣ ይችላል። ከጎመኑም እጅግ የበረቱት ጥቂቶች ሳይቀነጠሱ ለዘር ይተዉ።

እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ቢነድ፣ ከኃይሉ ብዙው ከጢስ ጋር ይጠፋል፤ የሚቀረው አመዱ ብቻ ነው። ማገዶ የቸገረው ቤት እበቱን ፈጽሞ ሊተው አይችልም፤ ነገር ግን ከአምስት ቁና አንዱን እንኳ ለጉድጓዱ ቢለይ በጥቂት ዓመት ጓሮው ይመሰክርለታል።

ይህን ለልጆች በቃል ብቻ መንገር አይበቃም። አስተማሪው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት እኩል መደብ ያሠራ፤ በአንዱ የበሰበሰ ፍግና አመድ ይጨመር፣ ሁለተኛው እንዳለ ይቅር። በሁለቱም አንድ ዓይነት የጎመን ዘር በአንድ ቀን ይዘራ። ልጆቹም በየሳምንቱ የቅጠሉን ርዝመት በስንዝር ለክተው ይጻፉ።

የሽማግሌዎችም ድርሻ አለ። በድሮ ዘመን በረት የነበረበትን፣ አመድ ይደፋበት የነበረውን ስፍራ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። አዲስ ጎረቤት በመጣ ጊዜ ቤቱን የት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ጓሮውን የት እንደሚጀምር ቢያሳዩት፣ የብዙ ዓመት ድካም ያተርፉለታል። ይህ እውቀት ሳይነገር ከሽማግሌው ጋር ቢቀበር ግን፣ የሚመጣው ሰው ያንኑ ጥቁር አፈር ከአጠገቡ ሳለ ሳያውቀው በቀዩ መሬት ላይ ይደክማል።