መምህሩ ሲሄድ የሚቀር ዕውቀት

እስያን ለማጥናት ከደብረ ታቦር መውጣት ግድ አይደለም። ከወልድያ ተነሥቶ በከተማችን አልፎ ወረታ የሚገባውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ በሚያደርሰን በፎገራ ሜዳ ሩዝን ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር የሞከሩት ደግሞ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ነበሩ። እኛ ግን «እስያ እንዴት አደገች?» ስንባል መጀመሪያ የምናየው ስልካችንን ነው።

ጥያቄው ግን ግሩም ነው፤ የሚጠይቀውም ሰው ብቻውን አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ጃፓንን እየጠቀሰ መንግሥትን ወትውቷል። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። እነዚህ ሰዎች ኢንተርኔት ቀርቶ መጽሐፍ በእጅ እየተገለበጠ በሚነበብበት አገር ተወልደው ይህን ሁሉ አጠኑ። እጅህ ላይ ያለው መሣሪያ ከእነሱ እጅግ ይበልጣል፣ ወዳጄ!

እስኪ ከተማችንን ከቶኪዮ ጎን እናቁማት። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። በጃፓን የሜጂ መንግሥት የቆመውም በዚያው ዓመት፣ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ሁለቱም ወገኖች የፈረንጁን ጥበብ ፈልገዋል። ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው ጋፋት የእጅ ሙያ ያላቸውን ሚሲዮናውያን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ፣ ሰው እየጎተተው መቅደላ ወጣ።

ጃፓኖችም ፈረንጅ ቀጥረዋል፣ ያውም በከፍተኛ ደመወዝ። ልዩነቱ ከጎኑ ባስቀመጡት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የትምህርት ዐዋጅ አወጡ፣ በዓመቱ የምሕንድስና ኮሌጅ ከፈቱ፤ የራሳቸው ልጆች ሥራውን ሲችሉት ፈረንጁን አመስግነው ሸኙት። ከ1871 እስከ 1873 አሜሪካንና አውሮፓን የዞረው የኢዋኩራ ልዑክ ያየውን ሁሉ ጸሐፊው ኩሜ ኩኒታኬ መዝግቦ በአምስት ጥራዝ አሳተመው። የጋፋት ባለሙያዎች ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ሲወጡ የጋፋት ሥራም አበቃ። ይህን የምለው ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም። እሳቸው ፋታ በሌለው ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ጃፓን ግን ከዚያ በፊት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሰላም ውላ አድራለች፣ ብዙ ሕዝቧም ፊደል ቆጥሯል። ታሪክ ሲነበብ እንዲህ ያለውን ማመዛዘን ካልጨመሩበት ከቡና ላይ ወሬ አይሻልም።

አሁን ደስ ወደሚለው እንምጣ። ኮርያውያኑ ከፎገራ ሄዱ፤ ማኅበራቱም በኋላ ፈረሱ። ሩዙ ግን ቀረ! የፎገራና የደራ ገበሬ ዘሩን አልጣለውም። ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ሩዝ አለበሰው፣ ገለባውን ለከብቱ አደረገው፣ እናቶች ደግሞ ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩ። ከዝርያዎቹ አንዱ «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ ጅግና ያው በደራ ያለው ቀበሌ ነው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የውጭ አገር ዕውቀት ወስዶ የራስ ማድረግ እንዴት እንደሆነ ማየት የፈለገ ሰው የእነዚህን ገበሬዎች ማሳ ይመልከት።

እናም የምመክራችሁ ይህን ነው። አንድ አገር ምረጡ፣ አንድ ጥያቄ ያዙ፣ አንድ ደብተር ግዙ። ደቡብ ኮርያን የመረጠ ሰው «አዲስ መንደር» ስለተባለው ንቅናቄ ይጠይቅ። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1970 መገባደጃ ጀምሮ ከ33 ሺህ በላይ ለሆኑ መንደሮች ለእያንዳንዳቸው 335 ከረጢት ሲሚንቶ ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ግን የሰጠው ሲሚንቶውን በአግባቡ ለተጠቀሙት፣ ግማሽ ያህል ለሚሆኑት ብቻ ነው፤ ለእነሱ 500 ከረጢትና አንድ ቶን ብረት ደረሳቸው። ጎበዝ፣ እዚህ ላይ አጨብጭባችሁ እንዳትዘጉት! ከዚያ በፊት የመሬት ይዞታ ማሻሻያ ተደርጎ ገበሬው የራሱ መሬት ነበረው። ንቅናቄውን የመራው ፓርክ ቹንግ ሂ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ ጄኔራል ነው፤ መንደሩን ለመቆጣጠሪያ ተጠቅሞበታል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሁለቱንም ወገን በደብተራችሁ ጎን ለጎን ጻፉ። ምርምር ማለት ይኸው ነው፤ ዲግሪ ያለውም የሌለውም ሊጀምረው ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ከደጃችሁ አለ። ሩዙ በተሞከረባቸው በጅግና ወይም በሻጋ ዘመድ ያላችሁ ልጆች፣ በኮርያውያኑ ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት ገበሬዎች ዛሬ ሸምግለዋልና አትዘግዩ። በመጪው ዓመት በዓል ስትሄዱ ጠይቋቸው፦ ዘሩን መጀመሪያ ማን ተቀበለ? ማን እምቢ አለ? ማኅበሩ ሲፈርስ ዘሩን ማን ደበቀ፣ ለማንስ አበደረ? የመጀመሪያውን የሩዝ እንጀራ የጋገረችው ማን ናት፣ ጎረቤቶቿስ ምን አሏት?