አሮጌ ቬስፓ ላለው ነጋዴ፤ የታመነ መካኒክ ስለ መምረጥና ስለ ጥገና ዋጋ

በከተማችን ባሉ ሱቆችና መጋዘኖች ጓሮ ሸራ የተከደነ፣ ጎማው የተኛ፣ ነገር ግን አካሉ ገና በዝገት ያልተበላ የኢጣልያ ሥሪት ሞተር ብስክሌት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቱ ስለ ምን እንደማይነዳው ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መለዋወጫ የለውም» ወይም «የሚያውቀው መካኒክ ጠፋ» የሚል ነው። የፊተኛው መልስ ልክ አለመሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን። የኋለኛው ግን በከፊል እውነትነት አለው፤ የሚያውቅ መካኒክ ፈጽሞ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ባለቤቱ አዋቂውን ከአላዋቂው የሚለይበት መንገድ ስላጣ፣ አንድ ጊዜ ገንዘቡን ከከሰረ በኋላ ሞተሩን ሸራ አልብሶ ይተወዋል። ዕቃ የሚያመላልስ መልእክተኛ ያለው ባለሱቅም፣ የአባቱን ቬስፓ የወረሰ ነጋዴም በዚሁ ይጎዳል።

በዚህ ትምህርት የምንናገረው በተለይ ስለ ቬስፓ ነው። ላምብሬታ ወይም ሞቶ ጉትሲ ያለው ሰው የሞተሩ አሠራር ቢለይበትም፣ ስለ ውልና ስለ ዋጋ የሚነገረውን ሊጠቀምበት ይችላል።

ቬስፓን የሚሠራው ፒያጆ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን፣ ፋብሪካው በቶስካና በፖንቴዴራ ከተማ ነው። የፈጠራው መብት የተመዘገበው በሚያዝያ 1946 እ.ኤ.አ. ነው። ንድፉን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ቀድሞ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ስለ ነበረ፣ የሞተር ብስክሌትን የተለመደ አሠራር አልተከተለም። ሰንሰለት የለውም፤ ሞተሩ በኋላው ጎማ አጠገብ በቀኝ በኩል ተቀምጦ ጎማውን በጥርስ ያዞራል። ከላሜራ ተቀጥቅጦ የተሠራው አካልም ራሱ እንደ ሻንሲ ሆኖ ያገለግላል።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ታሪክ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በህንድ አገር ባጃጅ የተባለው ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ቬስፓን ይሠራ ነበር። ፈቃዱ ካበቃ በኋላም ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቼታክ» የሚል ስም የሰጠውን፣ ከቬስፓ ስፕሪንት የተቀዳውን ሞተር ብስክሌት ለብዙ ዓመታት አምርቷል። በ1980ዎቹ ደግሞ ኤል.ኤም.ኤል. የሚባለው የካንፑር ኩባንያ ከፒያጆ ጋር ተዋውሎ የቬስፓ ፒ.ኤክስን ዓይነት ሠርቷል። ስለዚህ ፒስተን፣ ፋሻ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ገመድና ጓርኒሲዮን ከኢጣልያ ብቻ ሳይሆን ከህንድም ይመጣል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በአገራችን ለባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ሁሉ መጠሪያ የሆነው የባጃጅ ስም የዚሁ ኩባንያ ስም መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

እንግዲህ መካኒኩን ከወዴት እንፈልገዋለን? ሰው ሁሉ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ ወደ ሁለት ሌሎች ሰዎች መሄድ ይሻላል እንላለን። አንደኛው በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ሥፍራ መለዋወጫ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። እርሱ፣ ለአንድ ሞተር አንድ ዓይነት ዕቃ በወር ሦስት ጊዜ የሚገዛው መካኒክ ማን እንደ ሆነ፣ ናሙናውን በጨርቅ ጠርጎ ይዞ መጥቶ እያስተያየ የሚገዛውም ማን እንደ ሆነ ያውቃል። ሆኖም በሻጭና በመካኒክ መካከል የኮሚሲዮን ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ የአንዱን ሻጭ ምስክርነት ብቻ ይዞ መሄድ አይገባም። ሁለተኛው ሰው የቶርኖ ባለሙያው ነው። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ሲሊንደር የሚቆርጠው፣ የተበላሸ ጥርስ የሚያድሰው እርሱ ስለ ሆነ፣ ልኩን በትክክል ጽፎ የሚያመጣውን መካኒክ «እንደ ምንም አድርገህ አስገባልኝ» ከሚለው ለይቶ ያውቃል።

የጋራዦቻችን ቋንቋ በብዛት ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስታታ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከዚያ የተወረሱ ናቸው። ስለዚህ ማንኛውም መካኒክ ስለ ቬስፓ ሲናገር አዋቂ መስሎ ይሰማል። በአሁኑ ዘመን ያሉት ወጣት መካኒኮች አብዛኛውን ጊዜ የሰለጠኑት በባለ አራት ምት የቻይናና የህንድ ሞተሮች ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ብልህ ልጅ ባለ ሁለት ምቱንም ፈጥኖ ይማራል። ነገር ግን ትምህርቱ በእርስዎ ሞተር ላይ እንዳይሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ጥያቄው ረጅም መሆን የለበትም። «ቮላኖውን በምን ታወጣዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ቮላኖ የሚባለው በሞተሩ ዘንግ ጫፍ የተቀመጠው ከባድ ተሽከርካሪ ብረት ነው። በብዙ ቬስፓዎች እርሱን ለማውጣት በጥርሱ ገብቶ የሚስብ ልዩ ማውለቂያ ያስፈልጋል። የፍሪሲዮኑም ዳዶ በብዙዎቹ ዙሪያው የተሸረፈ ስለ ሆነ በተራ ቁልፍ አይፈታም፤ የራሱ መፍቻ አለው። እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ብዙ ዋጋ የላቸውም። በቬስፓ ሥራ የሚኖር ሰው ከሳጥኑ አውጥቶ ያሳያል፤ ከጓደኛው የሚዋስም ከሆነ በግልጽ ይናገራል። «በመዶሻና በመሮ እናወጣዋለን» የሚል መልስ የተሰጠ እንደ ሆነ ግን አመስግኖ ሞተሩን ገፍቶ መመለስ ነው። በመዶሻ የተመታ ቮላኖ ይሰነጠቃል፤ ዘንጉም ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ ከጠቅላላው ጥገና ሊበልጥ ይችላል።

አዋቂው መካኒክ ደግሞ ከመፍታቱ በፊት ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር በስንት ነው የሚቀይጡት?» የሚል መካኒክ ያጋጠመው ሰው ደስ ይበለው። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚቀየጠው ዘይት ነውና። የቀደሙት ቬስፓዎች 5 በመቶ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ግን 2 በመቶ ዘይት ይፈልጋሉ። ለ10 ሊትር ቤንዚን በፊተኞቹ ግማሽ ሊትር፣ በኋለኞቹ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ወይ ማርሚታውን በጥላሸት ይደፍናል፣ ወይም ፒስተኑን ያስነክሳል። ብዙ «ሞተሩ አለቀ» የተባለላቸው ቬስፓዎች የተደፈነ ማርሚታ፣ የቆሸሸ የካርቡራቶር ቀዳዳ ወይም የደከመ ኮንደንሰር ብቻ ያለባቸው ናቸው።

የማጭበርበርና የአለማወቅ ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚታይበትን አንድ ምሳሌ እንስጥ። ቬስፓው ነጭ ጢስ በብዛት ያወጣል፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ጢሱ አይቆምም፤ ካንዴላው ሲወጣ በዘይት ርሷል። ጥድፊያ ያለበት መካኒክ «ፒስተንና ፋሻ አልቋል፣ ሲሊንደሩ ይቆረጥ» ይላል። ነገር ግን በፍሪሲዮን በኩል ያለው የዘንጉ ዘይት ማገጃ ጎማ የተበላ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፤ የሚታየውም ምልክት ይኸው ነው። ማጣራቱ ቀላል ነው። ካምቢዮው የሚይዘው ሩብ ሊትር ያህል ዘይት ብቻ ስለ ሆነ፣ ልኩን ሞልቶ ጥቂት ቀን ነድቶ እንደገና መመልከት ነው። ጎድሎ ከተገኘ፣ ወደ ውጭም የፈሰሰ ካልታየ፣ ጥፋቱ የማገጃው ነው። ይህን ሳያጣራ ሲሊንደር የሚያስቆርጥ መካኒክ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ ያንኑ ጢስ ይመልሳል፤ ካምቢዮውም ያለ ዘይት ቀርቶ ጥርሱ ይበላል።

እዚህ ላይ ለባለቤቱም አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል። የማገጃው ጎማ ዋጋ ትንሽ ነው፤ እርሱን ለመለወጥ ግን ሞተሩ ወርዶ ለሁለት መከፈል አለበት። ማውረዱ ከባድ አይደለም፤ የቬስፓ ሞተር ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በአንድ ረጅም ብሎንና በኋላው ንዝረት ማብረጃ ላይ ባለ ሌላ ብሎን ነው። ከፍቶ፣ አጥቦ፣ ኩሽኔታውን ተመልክቶ፣ ጓርኒሲዮን ለውጦ መግጠም ግን የሙሉ ቀን ሥራ ነው። እንግዲህ «ለዚህች ጎማ ይህን ያህል ትጠይቀኛለህን?» ብሎ መካኒኩን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። የሚከፈለው ለእጁ ነው። የእጁ ዋጋ በግልጽ የማይከፈለው መካኒክ በመለዋወጫው ዋጋ ላይ ጨምሮ መውሰድን ይለምዳል፤ ይህንንም ያስተማሩት ብዙ ጊዜ ደንበኞቹ ናቸው።

ሲሊንደሩ በእርግጥ የሚቆረጥ የሆነ እንደ ሆነ፣ የማይጣስ ቅደም ተከተል አለ። አስቀድሞ ፒስተኑ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ከፒስተኑ ጋር ወደ ቶርኖ ይኬዳል። የቬስፓ ፒስተን ከመጀመሪያው ልክ በላይ በ0.2፣ በ0.4 እና በ0.6 ሚሊ ሜትር እየጨመረ ይመጣል። ሲሊንደሩ በ0.4 ተቆርጦ፣ በገበያ የሚገኘው 0.2 ብቻ ቢሆን የሚደረግ ነገር የለም፤ እስከ 0.6 ተቆርጦ ያ ልክ ያጣም ሰው አዲስ ሲሊንደር ከመፈለግ በቀር ሌላ መንገድ አይኖረውም። «እናስቆርጠው፣ ፒስተኑ ይገኛል» የሚለው ቃል ስንት ቬስፓ ከመንገድ እንዳወጣ የቶርኖ ባለሙያዎች ይናገራሉ።

ስለ ውሉ፣ ወረቀት መጻፍ ለትንሽ ሥራ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስላቸው አሉ። ነጋዴ ግን ዕቃ ያለ ፋክቱር አይቀበልም፤ ለጥገናም እንዲሁ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የእጅ ዋጋ ለብቻ፣ የመለዋወጫ ዋጋ ለብቻ ይጻፍ። ሞተሩ ከተከፈተ በኋላ ያልታሰበ ጥፋት ቢገኝ፣ ለባለቤቱ ሳይነገር ሥራው እንዳይቀጥል ይጻፍ። የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በከረጢት ተደርጎ ለባለቤቱ ይመለስ። ቀብድ የሚሰጠው ለመለዋወጫ መግዣ ብቻ ሆኖ በደረሰኝ ይወራረድ፤ የእጅ ዋጋ ግን ሞተሩ ተነድቶ ከታየ በኋላ ይከፈል። ለማይታወቅ መካኒክ የመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ እድሳት አይሰጥም፤ ካርቡራቶር አጥቦ ፑንቲናውን እንዲያስተካክል መስጠት ይበቃል። ይህ የአንድ ጧት ሥራ ነው፤ ዕቃውን በሥርዓት ማስቀመጡን፣ ብሎኑን አለመቀያየሩን፣ በቀጠሮው መገኘቱን በዚያ ማየት ይቻላል።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ በፈቃድ እንዲወሰን መደረጉ ይታወሳል። ስለዚህ ለሥራ የሚፈለግ ቬስፓ ከሆነ፣ ለእድሳት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የባለቤትነቱን ደብተርና ስለ ፈቃዱ የሚፈለገውን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አረጋግጦ መነሳት ይገባል።

መለዋወጫ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎቻችን ደግሞ የምንለው አለን። ደንበኛ «የቬስፓ 150 ፋሻ» ብሎ ሲመጣ ያ ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በቬስፓ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ በአካሉ ላይ ያለው በብዛት ፊደሉ በ«ቲ» ያበቃል፣ በሞተሩ ላይ ያለው በ«ኤም»። ለምሳሌ የአንዱ 150 አካል ቪ.ቢ.ቢ.1ቲ ሲሆን ሞተሩ ቪ.ቢ.ቢ.1ኤም ነው። ከስድሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ ሞተሩ በሌላ የተለወጠ ቬስፓ ብዙ ስለ ሆነ፣ ለሞተር ዕቃ የሚታዘዘው በሞተሩ ቁጥር እንጂ በአካሉ ቁጥር መሆን የለበትም። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ከፒስተንና ከፋሻ በፊት ሊገኝ የሚገባው የዘይት ማገጃ ጎማ፣ ኮንደንሰር፣ ገመድ፣ የጓርኒሲዮን ስብስብና ለባለ ሁለት ምት የተዘጋጀ ዘይት ነው፤ እነዚህ ዋጋቸው ትንሽ፣ መሸጫቸው ፈጣን ነው። ኮንደንሰርን በብዛት ከማዘዝ በፊት ጥቂት ናሙና አስመጥቶ ለአንድ ጥሩ መካኒክ ማስፈተን ይሻላል፤ ከውጭ ሲታይ መልካሙና መናኛው አይለይምና።

ሞተሩ ተሠርቶ ሲመለስ ባለቤቱ ከመካኒኩ ጋር ሆኖ በብርድ ያስነሳው። ከዚያ ሩቅ ነድቶ፣ በሙቀቱ አጥፍቶ እንደገና ያስነሳው፤ በብርድ የሚነሳ፣ በሙቀት ግን እምቢ የሚል ቬስፓ ቦቢናው ወይም ኮንደንሰሩ ገና አልተጠገነም። አዲስ ፒስተን የገባለት እንደ ሆነ የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ጭነት ሳይበዛበትና በሙሉ ጋዝ ሳይነዳ ይቆይ። በዚህም ጊዜ መጨረሻ ወደ መካኒኩ ተመልሶ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የቴስታታው ዳዶዎች እንደገና ይጥበቁ፤ የካምቢዮውም ዘይት ይለወጥ። ይህ ምላሽ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር አብሮ እንዲታሰብ በውሉ ወረቀት ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።