ኢልያድን ዳግመኛ ስለ ማንበብና ታሪካዊ ልብ ወለድ ስለ መጻፍ

ስላለፈ ዘመን ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መሣሪያው፣ ስለ ልብሱና ስለ ማዕረጉ ስም ነው። እኔም ስለ ዐድዋ ጦርነት መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ደብተሬ በጠመንጃና በጋሻ ዓይነት ተሞልቷል። በዚህ መካከል የግሪኩን ባለቅኔ የሆሜሮስን ኢልያድ ዳግመኛ አነበብሁ። ቀድሞ ያነበብሁት ለውጊያው ጉጉት ነበር፤ አሁን ግን የጌታውን እጅ እንደሚመለከት ተማሪ ሆኜ አነበብሁት።

ሆሜሮስ ራሱም ያላየውን ዘመን የተረከ ሰው ነው። ግጥሙ የተቀናበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ የትሮያ ጦርነት በእርግጥ ተደርጎ ከሆነ ግን ከዚያ በ400 ዓመት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ ዘመን ከዘመን ተደባልቆበታል። በ10ኛው መጽሐፍ ከከርከሮ ጥርስ የተሠራ የራስ ቁር ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ቁር ከባለቅኔው ዘመን አስቀድሞ የቀረ ሲሆን፣ በቁፋሮ ከጥንት መቃብሮች ወጥቷል። የጦር ሠረገላውን ግን ጀግኖቹ እስከ ሜዳው ድረስ ተጭነውበት የሚወርዱበት በቅሎ አስመስሎታል። እንዲህም ሆኖ 2,700 ዓመት ያህል ቆይቷል። አንባቢን የያዘው የቁሩ ነገር አይደለም ማለት ነው።

(በመጀመሪያው መጽሐፍ ዜውስ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ እንደ ሄደ ተጽፏል። በዚህ የሚኮሩ ጓደኞች አሉኝ። ነገር ግን ግሪኮች ያን ስም በምድር ዳርቻ ይኖራሉ ለሚሏቸው ጠቋራ ሕዝቦች ሁሉ ይሰጡት ስለ ነበር፣ ብዙ ባንመካበት ይሻላል።)

ጦርነቱ 10 ዓመት ፈጀ ይባላል፤ ኢልያድ የሚተርከው ግን 50 ቀን ያህሉን ብቻ ነው። በአኪሌስ ቁጣ ይጀምራል፣ በሄክቶር ቀብር ያበቃል። የእንጨቱ ፈረስ እንኳ በውስጡ የለም።

እኔን ያስደነቀኝ የሟቾቹ ነገር ነው። በ4ኛው መጽሐፍ ሲሞኤሲዮስ የሚባል የትሮያ ጎበዝ ይወድቃል። እናቱ ወላጆቿን ተከትላ በጎች ልታይ ወርዳ ሳለ በሲሞኤስ ወንዝ ዳር ስለ ወለደችው ስሙ ከወንዙ ወጣለት፤ ያሳደጉትን ወላጆቹን ሳይጦርም ሞተ። በ6ኛው መጽሐፍ የሚሞተው አክሲሎስ ቤቱ ከመንገድ ዳር ነበርና መንገደኛውን ሁሉ ይቀበል ነበር፤ በዚያች ቀን ግን እንጀራውን ከበሉት አንድም የቆመለት አልተገኘም። ሄክቶር በተገደለ ሰዓት ደግሞ ሚስቱ አንድሮማኬ ምንም ሳትሰማ፣ ከውጊያ ሲመለስ የሚታጠብበትን ውኃ እንዲያሞቁ ገረዶቿን ታዛለች። እነዚህ ሁሉ የግሪኮች ጠላቶች ናቸው፤ የሚተርከውም ግሪክ ነው!

የራሱ ወገን የሆነውን የአኪሌስን ጭካኔም አልሸሸገም። አኪሌስ የሄክቶርን ሬሳ ከሠረገላው ኋላ አስሮ፣ እናትና አባት ከቅጥሩ ላይ እያዩ ጎተተው። በወዳጁ በፓትሮክሎስ ሬሳ ማቃጠያ ላይም 12 የትሮያ ወጣቶችን አረደ። በመጨረሻ ሽማግሌው ንጉሥ ፕርያም በሌሊት መጥቶ የልጁን ገዳይ እጅ ሳመ፤ አኪሌስም የገዛ አባቱን አስታውሶ አብሮት አለቀሰ፤ ሬሳውንም ሰጠው። ያ ጭካኔ ተዘልሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ልቅሶ ምን ዋጋ ይኖረው ነበር?

ይህ ነገር ወደ ራሴ ሥራ ይመልሰኛል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተገኘው ድል ክብራችን ነው። ከድሉ በኋላ የተማረኩት ኢጣልያኖች ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከኢጣልያ ጋር ተሰልፈው ከተማረኩት የኤርትራ አስካሪዎች ብዙዎቹ ግን እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ። ይህ በታሪክ መጻሕፍት የተጻፈ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የሚጠይቀውም የለም። የድሉን ደስታ ያደበዝዛል የሚሉኝም አልጠፉም። እኔ ግን ሆሜሮስ ስለ አኪሌስ ካልፈራ፣ እኛ የምንፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የዚያን ምዕራፍ መነሻ ከጦሩ ሜዳ አላደርገውም። ሐማሴን ውስጥ ካለ አንድ ቤት እጀምራለሁ። ለልጁ ስም አውጥቼለታለሁ። እናቱ ለመምጫው ስዋ ጠምቃ ጋኑን ከድናለች።