ሶብርና የተረሳው ረቂቅ

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶች ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ልብ ወለድ ጽፈው ረቂቃቸውን ለአሳታሚ ያስረከቡ፣ ከዚያም መልስ በማጣት ወይም «አይሆንም» በመባል ልባቸው የተሰበረ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። ከፊሎቹ ብዕራቸውን ጥለዋል። የከፊሎቹም ሐዘን ከወረቀቱ አልፎ ዒባዳቸውን ነክቷል። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም፤ በራሴም ደርሷል።

ከዓመታት በፊት 212 ገጽ ያለው ረቂቅ በካኪ ፖስታ ከትቼ፣ በሲባጎ አስሬ ለአንድ አሳታሚ ሰጠሁ። «ይገመገማል፤ እንጠራሃለን» ተባልሁ። 14 ወር ጠበቅሁ። በእነዚያ ወራት አንድ መስመር አልጻፍሁም። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ለሶላት ቆሜ ልቤ የሚዞረው በገምጋሚው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። የአንድ ጓደኛዬ መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ በአፌ «ማሻአላህ» አልሁ፤ በውስጤ የነበረው ግን ሌላ ነው። ሐሰድ መሆኑን ያመንሁት ቆይቼ ነው። በመጨረሻ ሄጄ ስጠይቅ ጸሐፊዋ ከመስኮቱ ሥር ከተከመሩት ፖስታዎች መካከል የኔን ፈልጋ ሰጠችኝ። ሲባጎው እኔ እንደቋጠርሁት ነበር። ማንም አልፈታውም።

14 ወር ሙሉ ያዘንሁት ማንም ባልፈረደው ፍርድ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው «ለመሆኑ ያ የኔ መጠበቅ ሶብር ነበርን?» ብዬ ራሴን የጠየቅሁት።

የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) መጠበቅ

ሱረቱ ዩሱፍን ሁላችንም እናውቃታለን። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በእስር ቤት ሳሉ የሁለት እስረኞችን ሕልም ፈቱ። እንደሚፈታ ለገመቱት ሰው በጌታው ዘንድ እንዲያነሳቸው ነገሩት። ሰውየው ግን ወጥቶ ረሳቸው፤ ዓመታትም በእስር ቤት ቆዩ። ንጉሡ የሰባቱን ላሞች ሕልም ባየ ጊዜ ነው ያ ሰው ያስታወሳቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኛ ጉዳይ የሚሆኑ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ጠይቀዋል። ነገራቸው ለሚመለከተው ሰው እንዲደርስ መልእክት ልከዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር ልተወው ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ እንደነገሩት በቲርሚዚ ዘንድ ተዘግቧል። ረቂቅን አስረክቦ ሳይጠይቁ መቀመጥ ግመልን ፈትቶ እንደመልቀቅ ነው። ስለዚህ ዋናውን ረቂቅ ለማንም አትስጥ፤ ቅጂውን ስጥ። ቀኑና የገጹ ብዛት የተጻፈበት፣ የተረካቢው ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበል። በኢሜይል ከላክኸውም «ደርሶናል» የሚል መልስ ጠይቅ። «መቼ ልመለስ?» ብለህ ቀን አስቆርጥ። ቀኑ ሲደርስ ሄደህ ጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ሲጠብቁ ሥራ አልፈቱም። በእስር ቤት ሳሉ ወደ ተውሒድ ይጣሩ ነበር፤ ለሰው ይጠቅሙ ነበር። የኔ መጠበቅ ከሶብር የጎደለው እዚህ ላይ ነው። እጅን አጣጥፎ ስልክ ማየት ሶብር አይደለም። ረቂቁን ባስረከብህ ማግስት ሁለተኛውን ሥራ ጀምር። ሁለተኛው ሥራ በእጅህ ሲኖር የመጀመሪያው መዘግየት ልብህን ሙሉ በሙሉ አይዘውም።

ሦስተኛ፣ ያ የረሳቸው ሰው ዳግመኛ ሲመጣ «ለምን ረሳኸኝ?» ብለው ሲወቅሱት አናነብም። የጠየቃቸውን መለሱለት። እኛ ግን ምንም ሥልጣን በሌላት ጸሐፊ ላይ እንጮሃለን። ያች እህት ፖስታችንን ከክምሩ ሥር አውጥታ ከላይ የምታስቀምጥልን ብቸኛ ሰው ልትሆን ትችላለች።

አራተኛው ከሁሉም ይደንቀኛል። ንጉሡ በጠራቸው ጊዜ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሮጠው አልወጡም። መልእክተኛውን መልሰው፣ ነገራቸው አስቀድሞ እንዲጣራ ጠየቁ። ብዙ የጠበቀ ሰው «እሺ» ሲባል በደስታ ያልተነበበ ውል ይፈርማል። ስንት ቅጂ ይታተማል? ክፍያው ስንት ነው? መቼ ይከፈላል? አሳታሚው በተባለው ጊዜ ባያትም መብቱ ለማን ይመለሳል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥራህን ከፈጠርህበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቅልሃል። በችኮላ ፈርመህ የሰጠኸውን ግን ማስመለስ ከባድ ነው።

«አይሆንም» ስንት ዓይነት ነው?

መልሱ ዘግይቶም ቢሆን ሲመጣ እምቢታ ሊሆን ይችላል። እምቢታ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የገንዘብ ነው፤ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ስለከበደ አሳታሚው በዓመት የሚያወጣው ጥቂት መጽሐፍ ብቻ ነው። አንዳንዱ የቦታ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ለሚያሳትም ሰው ልብ ወለድ ይዘህ ሄደሃል። ሌላው ደግሞ የሥራው ነው፤ ጽሑፉ ገና አልበሰለም። ሦስቱን የማይለይ ሰው በመጀመሪያው ያለቅሳል፤ በሦስተኛው ይቆጣል። ስለዚህ «የትኛው ነው?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። አንድ ገምጋሚ አልወደድሁትም ቢል የአንድ ሰው ስሜት ነው። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ያንኑ ምዕራፍ ቢነቅፉ ግን ምዕራፉን ተመልከት።

በኛ በኩል የሚገጥም አንድ ነገር አለ። ለአንድ የማውቀው ወጣት አሳታሚው «ገጸ ባሕርያትህ ሁሉ ፋጡማና ኑሩ ሆኑ፤ ገዢው ይጠብብሃል» ብሎታል። ይህ ያሳዝናል። ሙስሊሙ ማንበብና መግዛት የማያውቅ ይመስል! ይህን ሐሳብ የምንለውጠው ስንጽፍና የተጻፈውን ስንገዛ ነው። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። እምቢታን ሁሉ በእስልምናችን ላይ እንደተቃጣ ከወሰድነው የራሳችንን ጉድለት የምናይበት ዓይን አይኖረንም።

ሌላው እምቢታ ከቤታችን የሚመጣው ነው። «ልብ ወለድ ውሸት አይደለምን?» የሚሉ አባቶችና ወንድሞች አሉ። ፍርዱን ለዑለማዎች እተዋለሁ። በበኩሌ ፈጠራነቱን ነግሮ የሚያቀርብና ሰውን በሐሰት ወሬ የሚያታልል እኩል ናቸው ብዬ አላምንም። መጠየቅ ያለበት በጽሑፉ ውስጥ ምን እንዳለና ጸሐፊው በምን ኒያ እንደጻፈው ነው።

ከካይሮ አንድ ምሳሌ

ግብፃዊው ናጊብ ማህፉዝ በ1911 እ.ኤ.አ. ተወለደ። አንዳንድ ሥራዎቹ፣ በተለይም በ1959 በጋዜጣ በተከታታይ የወጣው ልብ ወለዱ፣ ከአዝሀር ብርቱ ተቃውሞ እንደገጠማቸው ይታወቃል። እዚህ የማነሳው የጽሑፍ ትጋቱን ብቻ ነው። በወጣትነቱ ከኮፕት ቤተሰብ ለተወለደው የመጽሔት አዘጋጅ ለሰላማ ሙሳ ልብ ወለዶቹን ይወስድለት ነበር። አዘጋጁ ሦስቱን ተራ በተራ መለሰበት፤ ተሰጥኦ እንዳለው እየነገረ፣ ገና መሆኑንም ሳይሸሽግ። አራተኛውን፣ «ዐበሱል አቅዳር» የተባለውን፣ በ1939 አሳተመለት።

ከዚያ ወዲያም ቢሆን ስሙ ከመጠበቅ አላዳነውም። ስለ አንድ የካይሮ ቤተሰብ የሚተርከውን ረጅሙን ሥራውን በ1952 ጨርሶ ለአሳታሚው ሲወስድ፣ በመጠኑ ምክንያት ተመለሰበት። በ1954 በመጽሔት በተከታታይ መውጣት ጀመረ። በ1956 እና በ1957 በሦስት መጽሐፍ ተከፍሎ ታተመ። በ1988 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ከተጠቀሱለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንጀራውን የሚበላው ከመንግሥት ሥራ ነበር፤ ለዓመታትም በአውቃፍ ሚኒስቴር ሠርቷል። እስከ 1971 ጡረታው ድረስ ደመወዙን አልተወም።

ከዚህ ሦስት ነገር እንውሰድ። ሦስት ጊዜ የመለሰህ ሰው ጠላትህ ላይሆን ይችላል። ሥራህ በአንድ በር ካልገባ በሌላ በር፣ ምናልባትም ተከፋፍሎ በጋዜጣ ወይም በመጽሔት ሊገባ ይችላል። ሪዝቅህን ደግሞ በአንድ ረቂቅ ላይ አታንጠልጥል፤ ራዚቁ አሳታሚው አይደለም።

ከችኮላ እንጠንቀቅ

መጠበቅ ያንገሸገሸው ሰው «በራሴ አሳትማለሁ» ይላል። ዛሬ ብዙ ጸሐፊ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ነውርም የለበትም። ግን ከየት ባገኘው ገንዘብ? በወለድ ተበድሮ የሚያሳትም ወንድም ከአሳታሚ እምቢታ ሸሽቶ አላህ (ሱ.ወ.) ሐራም ወዳደረገው መግባቱ ነው። ዕቁቡ እስኪደርሰው ይቆይ፤ ወይም ትርፉንም ኪሳራውንም ከሚጋሩት ሰዎች ጋር ይሽረክ። ከማተሙ በፊትም መጽሐፉን ማን እንደሚያከፋፍል ይወቅ። አለዚያ ካርቶኑ ከአልጋው ሥር ይቀራል።

የኔ ረቂቅ ምን ሆነ? ሲባጎውን ራሴው ፈታሁት። ከ14 ወር በኋላ እንደ ሌላ ሰው ሆኜ ሳነበው የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ለታሪኩ እንደማያስፈልጉ አየሁ። ገምጋሚው ቢያነበው ኖሮ እነዚያ ገጾች ያሰለቹት እንደነበር ገባኝ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልታተመም። ከመካከሉ አንዱን ምዕራፍ አጭር ልብ ወለድ አድርጌ ጻፍሁት፤ በመጽሔት ወጣ። አንዲት እናት ልጃቸው አንብቦላቸው «ይህ የኔ ሰፈር ነው» አሉ ሲባል ሰማሁ። አልሐምዱሊላህ፤ የጻፍሁት ለዚያ ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ረቂቅሽ ወይም ረቂቅህ ዛሬ በአንድ ቢሮ ክምር ውስጥ ካለ፣ ቀን ቆርጠህ ጠይቅ፤ ዱዓ አድርግ፤ አዲስ ወረቀት አውጣ። የታተመለትን ጓደኛህን መጽሐፍ ገዝተህ አንብብለት፤ ሐሰድን ከልብ ለማውጣት እኔን የረዳኝ ይኸው ነው። ሶላትህ ላይ ስትቆም ፖስታውን ከመስጊዱ በር ውጪ ተወው፤ ስትወጣ እዚያው ታገኘዋለህ።

አላህ ብዕራችንን ለኸይር ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።